የጠዋት ፊት፣ የማታ ፊት

ፀጉር ሠሪዋ የምትኮራው በመቀሷ ሳይሆን በዓይኗ ነበር። ደንበኛ ገብታ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ገና ሻርፗን ሳታወልቅ፣ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አየት ታደርጋትና ነገሩን ትጨርሰዋለች። ይቺ ከባሏ ጋር ተጣልታለች፤ «አጭር አድርገሽ ቁረጪው» ትልና ነገ ትጸጸታለች፤ ስለዚህ ጫፍ ጫፉን ብቻ። ይቺ ደግሞ ለሥራ ልትፈተን ነው፤ ወሬ ሳይበዛ ቶሎ ትሸኝ። ባልደረቦቿ «አንቺስ ጠንቋይ ሳትሆኚ አትቀሪም» ሲሏት ትስቃለች።

«ምን ጥንቆላ ያስፈልገዋል? ሰው እንደሆነ ልቡን ፊቱ ላይ አስጥቶ ነው የሚዞረው» ትላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት አማቷ እንደሚጠሏት ገና በሠርጓ ዕለት ያወቀችው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፎቶ አንሺው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ደርድሮ «እስቲ ፈገግ!» ሲል አማቷ ከጎኗ ቆመዋል። ዞር ብላ አየቻቸው። የከንፈራቸው ጫፍና ጫፍ እንዳለ ቀርቶ የላይኛው ከንፈር መሀሉ ብቻ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጥርሳቸው ወጣ፤ ዓይናቸው ደግሞ በግማሽ ተከድኖ ከላይ ወደ ታች የሚያያት መሰለ። አጥር ላይ ሊነክስ የተዘጋጀ ውሻ ነው የሚያሳየው እንዲህ ያለ ጥርስ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ባሏ «እናቴን ፀሐይዋ ዓይኗን ወግታት ነው» አለ። እሷ ግን ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው፣ የገባው ገብቶ ነበር። ፎቶውን ከመሳቢያው ግርጌ ቀበረችው።

አማቷ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስፌት ሠርተው አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው። መንገድ ዳር ባለው ክፍል የስፌት መኪናቸው፣ የመተኮሻ ጠረጴዛቸውና አንድ ረጅም መስታወት አሉ፤ ከኋላ ሁለት መኝታ ክፍልና ወጥ ቤት። ልጃቸው የዳቦ መኪና ሹፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ለሱቆች ዳቦ ሲያከፋፍል ያረፍድና ምሳውን ከእናቱ ጋር ይበላል፤ ማታም ለንጋቱ ሥራ ሲል ከእራት በፊት መኝታ ክፍሉ ይገባል። ሚስቱ ደግሞ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ፀጉራቸውን የሚሠሩ ሴቶችን ለማስተናገድ አማቷ ከመኝታቸው ሳይነሱ ትወጣለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። የዕረፍት ቀኗንም እህቷ ቤት ነበር የምታሳልፈው። ያንን ፊት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት ማን ይችለዋል?

«እንዴት ዋሉ እማማ?» ትላለች ገብታ።

«ደህና» ይሏታል በአፍንጫቸው፣ ቃሉን እንደመጎተት አድርገው። ዓይናቸው ከፊል ክድን ነው። እራት ሲቀርብ ሁለት ሦስቴ ያኝኩና ያቆማሉ፤ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ትንሽ ይቆዩና ሳህኑን ወደ መሀል ገፋ ያደርጉታል። ከሁሉ የባሰው ፀጉራቸው ነው። በአንድ ወገን ተበጥሮ በሌላው ወገን ተንጨባሮ ይውላል። ጎረቤት ሁሉ «የፀጉር ሠሪ አማት ሆነው!» እያለ ይሳለቃል። ልታበጥርላቸው ብትጠይቅ በእጃቸው ብቻ «ተይኝ» ይሏታል። ሆን ብለው ሊያዋርዷት እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማታ ማታ ለባሏ ታማርራለች። እሱ ግን ግራ ይገባዋል።

«እናቴ እኮ ትወድሻለች። ዛሬ እንኳ ምሳ ላይ ስላንቺ እየሳቀች ነበር ያወራችው።»

«ስላንቺ አትበል፤ ባንቺ በል። ስቀውብኝ ነው።»

«ኧረ በእናት አምላክ! አንቺ የምትነግሪኝ ሴትና እኔ የማውቃት እናቴ አንድ አይደሉም።»

«ላንተ አንድ ፊት አላቸው፣ ለእኔ ሌላ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ግን ያኔ ማን ያውቃል?

እየቆየ እሷም ፊት መንሳት ጀመረች። ሰላምታዋን አሳጠረች፤ ሳህን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው እንዲሰማ አድርጋ ሆነ። አማቷ ሲገቡ ትወጣለች፣ ሲወጡ ትገባለች። አንድ ጣራ ሥር ሆድና ጀርባ ሆኑና ከስፌት መኪናው በቀር በዚያ ቤት የሚናገር ጠፋ።

አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ ያለበት ሕንፃ የውኃ ቧንቧ ፈነዳና ሥራ ተዘጋ። እህቷ ደግሞ መንገድ ሄዳለች። ምርጫ አልነበራትም፤ እቤት ዋለች።

ወጥ ቤት ሻይ ስታፈላ ከኋላዋ እያንጎራጎረ የሚመጣ ሰው ሰማች። አማቷ ናቸው። በሩ ላይ ሲያይዋት ዘፈኑን አቆሙ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ። ሁለቱም ጉንጫቸው ተነሥቶ፣ የዓይናቸው ጫፍ ተሸብሽቦ፣ እንደ ማንኛውም ደግ ሴት።

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ ልጄ?» ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው።

«ውኃ ተበላሽቶ ነው» አለች፤ በልቧ ግን «ምን ፈልገው ይሆን?» እያለች። ሻይ አብረው ጠጡ። አማቷ በየዓመቱ ሱሪ ስለሚያሰፋ አንድ ቦርጫም ሰውዬ አወሩላት። «‹የድሮው ልኬ ይኑር› ይለኛል። እኔም ‹ልኩ አለ፣ የጠፋው የድሮው ሰውዬ ነው› አልኩት» ብለው ራሳቸው ቀድመው ሳቁ። እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ግን ደሟ ፈላ። መሳቅ ይችላሉ ማለት ነዋ! ያ ሁሉ ምሽት እያወቁ ነው!

ባሏ ለምሳ ሲገባ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቶ ደስታው ፊቱ ላይ ተረፈረፈ፤ በልቶ ተኛ። አማቷ የስፌት መኪናቸው ዘንድ ተቀመጡ፤ እሷም ድንች እየላጠች ትንሽ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ልትሰልላቸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ፊታቸው መቼ መለወጥ እንደጀመረ በትክክል መናገር አትችልም። በመጀመሪያ የግራው ዓይን ሽፋን ገመዱ እንደላላ መጋረጃ ዝቅ አለ። ቀና ብለው ያስተካክሉታል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ክር በመርፌ ሲያስገቡ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ስትጠይቃቸው የሚመልሱት ቃል እየሳሳ፣ በአፍንጫ እየሆነ መጣ። ጠዋት የነበረው ጉንጭ እንደ ሰም ቀልጦ ወረደ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልገባም፤ ማንም ያስከፋቸው የለም።

ከዚያ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ለካችው፤ ልክክ አለላት። «እጅዎ ይባረክ!» ብላ ገንዘቧን ስታወጣ አማቷ ቀና ብለው ፈገግ አሉላት።

ያው ነው። ያ የሠርጉ ዕለት ፈገግታ። መሀሉ ብቻ የተነሣው ከንፈር፣ ጥርሱ፣ ክድን ያለው ዓይን። ሴትየዋ ትንሽ ደንገጥ ብላ ወጣች።

ፀጉር ሠሪዋ ቢላዋውን አስቀመጠች። ስንት ዓመት ከደንበኛ ጋር ኖራለች፤ ለከፋይ እንዲህ ብሎ ጥርሱን የሚያሳይ ባለሙያ በዓለም ላይ የለም። ይህ ንቀት አይደለም።

«እማማ» አለች ጠጋ ብላ፣ «ያመዎታል እንዴ?»

አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እርጅና ነው።»

«እርጅና ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት ይመጣል?»

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ከዚያ፣ እየተጎተተ በሚወጣ ድምፅ፣ «ለልጄ እንዳትነግሪ። ገና አግብቶ ቤቱን ሳያቀና የበሽተኛ ጠባቂ አላደርገውም» አሏት። ፀጉራቸውን ለመያዝ እጃቸውን አነሡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ወደቀ። «ክንዴ እንኳ እምቢ አለኝ። አንድ ወገን አበጥርና ሌላው ላይ ስደርስ ያልቃል። ማታ ደግሞ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይሆንብኛል።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አንድ ምራት አልበቃ ብሎኝ ሁለት ይዤ ነው የምበላው።»

ልትስቅ አሰበች፤ የመጣላት ግን እንባ ነው።

ለባሏ ነገረችው። ሰው እናቱ በዓይኑ ሥር ስትታመም ሳያይ ሲቀር ምን እንደሚሆን መገመት ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ ግን የጠዋት ፊታቸው ምን ሊታይበት? ሁሉ ደህና ሆነ። ቢሆንም ታሪኩን የሰማችው ሐኪም «የነርቭ ሐኪም ይያቸው» ብላ ጻፈችላቸው። የነርቭ ሐኪሙ ዘንድ ደግሞ ወረፋው አግዳሚውን ሞልቶ ኮሪደሩን ይዞ ነበር። ሰው ወረፋ ይራገማል፤ ለእነሱ ግን ያ ወረፋ ባለውለታ ሆነ። ተራቸው ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበርና፣ የገቡት የከሰዓቱን ፊት ይዘው ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታል። ጣራ ጣራውን እንዲያዩ አዘዛቸው። የግራው ሽፋን ቀስ እያለ ወረደና ብሌኑን ጋረደው። ሐኪሙ ነርሷን በረዶ አስመጣና በጎማ ጓንት ቋጥሮ የተዘጋው ዓይን ላይ አስቀመጠላቸው።

«ዓይኔን ልታቀዘቅዘው ነው ልትቀብረው?» አሉ አማቷ።

«ትንሽ ይታገሡኝ።»

ጓንቱ ሲነሣ ዓይናቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሳታውቀው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብዙም ሳይቆይ ሽፋኑ ተመልሶ ወረደ።

ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ፊታቸውና ትከሻቸው ላይ ትንንሽ ሽቦዎች ለጠፈ። መሣሪያው ነርቩን በቀላል ኤሌክትሪክ እየደጋገመ ነካ ነካ ሲያደርገው ጡንቻቸው ይርገበገባል፤ ስክሪኑ ላይ በየንክኪው አንዳንድ ጉብታ ይወጣል። የመጀመሪያው ረጅም ነው። የሚቀጥለው አጠረ፣ ከዚያ የሚቀጥለው የባሰ።

«አያችሁ?» አለ። «የነካሁት በእኩል ኃይል ነው። መልሱ ግን እያነሰ ሄደ።»

«ነርቬ ተበጥሶ ነው?» አሉ አማቷ።

«አልተበጠሰም። ሰው ነርቭ ሲባል ሽቦ ይመስለዋል፤ ነርቭ ግን ሕይወት ያለው ሴል ነው፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ሶዲየም የሚባለውን፣ ገበታ ጨው ውስጥ ያለውን ነገር፣ ሌት ተቀን ወደ ውጭ እየገፋ ያስወጣል። ትእዛዝ ሲመጣ ገላው ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ያ ሶዲየም ግር ብሎ ይገባል። ያ መግባቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። አንዱ በር ሲከፈት ጎረቤቱን ያስከፍታል፣ ያም ጎረቤቱን፤ እንዲህ እየተቀባበለ ከአንጎል ከንፈር ድረስ በቅጽበት ይደርሳል።»

«እሺ፣ ከንፈሬ ደረሰ።»

«አልደረሰም! ነርቩ ጡንቻውን አይነካውም። በመሀላቸው ክፍተት አለ። ምራትዎ የምትቆርጠውን አንድ ፀጉር ውፍረቱን ከሺህ ቢሰነጥቁት ነው ያንን የሚያህል። ጠባብ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን አይዘለውም። ስለዚህ የነርቩ ጫፍ በትንንሽ ከረጢት ያስቀመጠውን ኬሚካል ይረጫል። ኬሚካሉ ይሻገርና ጡንቻው ላይ ባሉ መቀበያዎች ያርፋል፤ ያኔ ጡንቻው ይታዘዛል። እንደጨረሰ ደግሞ ጠራጊ አለ፤ ኬሚካሉን ወዲያው ያጠፋዋል፤ አለዚያ ጡንቻው ለሚቀጥለው ትእዛዝ አይዘጋጅም።»

አማቷ ምላሳቸው እየከበዳቸው፣ «ታዲያ የኔው ተላላኪ ሰነፈ?» አሉ።

«ተላላኪውም ደህና ነው። በሽታ የሚከላከለው የሰውነትዎ ዘበኛ ተሳስቶ መቀበያዎቹን እንደ ጠላት ቆጥሯቸዋል። አንዳንዱን ዘግቶታል፣ አንዳንዱን አፍርሶታል። አርፈው ሲነሡ ነርቩ ብዙ ስለሚረጭ በቀሩት መቀበያዎች ይብቃቃሉ። ሲደጋገም የሚረጨው እያነሰ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ትርፍ ስላለው አይታወቀውም፤ የእርስዎ ግን መልእክቱ ደጃፍ ላይ ይቀራል። በረዶው ያደረገው ምንድን ነው? ቅዝቃዜ ጠራጊውን አዘገየው፤ ኬሚካሉ ቆየ፤ ዓይንዎ ተከፈተ። የምሰጥዎ ኪኒንም ያንኑ ጠራጊ የሚያዘገይ ነው። ዘበኛውን ለማስታገስ ደግሞ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።»

አማቷ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ የነርቩም ጥፋት አይደል፣ የጡንቻውም አይደል። ነገር የተበላሸው መሀል ላይ ነው።»

«በትክክል» አለ ሐኪሙ።

ፀጉር ሠሪዋ ስክሪኑ ላይ እያጠሩ የሄዱትን ጉብታዎች ነበር የምታየው። ስንት ምሽት ስንት ፈገግታ ተልኮላት ደጃፍ ላይ ቀርቶ ይሆን?

የመጀመሪያውን ኪኒን እቤት፣ ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ዋጡ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? እንቁላል ልጥል ነው?» አሉ። ሰዓት ሳይሞላ ድምፃቸው ከአፍንጫቸው ወረደና አፋቸው ውስጥ ገባ፤ ጉንጫቸው ተነሣ፤ በምሽት፣ በመብራት፣ ምራታቸውን አይተው ፈገግ አሉላት። ባሏ ወጥቶ ጓሮ አለቀሰ። ደስታው ግን በሰላም አላለፈም፤ መድኃኒቱ ሆድ ይቆርጣልና አማቷ ፈገግታቸውን አቋርጠው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። «ፊቴን አበጀና ሆዴን አፈረሰው!» የሚለው ድምፃቸው በበሩ በኩል ጥርት ብሎ ተሰማ።

የዕረፍት ቀኗን ያን ሰሞን እቤት ማሳለፍ ጀመረች። አንድ ጠዋት አማቷ ጠርዝ እየቀመቀሙ፣ እሷ ፀጉራቸውን እያበጠረች፣ ለመጠየቅ ስትፈራ የከረመችውን ጠየቀች።

«እማማ፣ ታዲያ ጠልተውኝ አልነበረም?»

«መጀመሪያ ወር ገደማ አልወደድኩሽም።»

ማበጠሪያው ቆመ።

«ምን ታቆሚያለሽ? ልጄን ላጭተሽ አመጣሽዋ! ያን የመሰለ ፀጉር፣ በልጅነቱ እኔ ያሳደግኩትን፣ የተነጨ ዶሮ አስመሰልሽው።»

«እሱ ነው ‹አሳጥሪልኝ› ያለኝ!»

«እሱ ምን ያውቃል? ከዚያ በኋላ ግን ወደድኩሽ። ሾርባሽ ጨው እንደበዛበት ሆኖ።»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፀጉር ሠሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ… ፊት ነስቼዎታለሁ» አለች። «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» እንዲሏት ጠብቃ ነበር።

አማቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ነስተሽኛል። የኔስ ፊት ታሞ ነው። ያንቺ ግን ደህና ነበር።»

ክፉ ብለው አልነበረም፤ እንዲያው የሆነውን እንደሆነው ነው የተናገሩት። ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። አማቷም «ይሁን» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እሷም ማበጠሯን ቀጠለች፤ ግን ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንዴ፣ መቀሷን ይዛ ቆማ ሳለ፣ ትመጣባታለች። ጥርሷን ነክሳ የገባች ደንበኛ ስታይ እንደ ድሮው አትፈርድም፤ «ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» ትላለች። አንዳንዷ በእርግጥ ባሏን ተጣልታ ትሆናለች። አንዷ ግን መንጋጋዋ ያበጠ ነበረች፤ በጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሰደደቻት።

በሽታው አልተነቀለም። የኪኒኑ ኃይል ሲያልቅ ፊታቸውም ይወርዳል፤ ጉንፋን የያዛቸው ጊዜ አተነፋፈሳቸው ከብዶ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል፤ ደግ ቀንም ክፉ ቀንም አለ። ምግብ ከባዱን በቀን፣ ቀላሉን በማታ ማድረግ ተማሩ። ፀጉር ሠሪዋም የሥራ ሰዓቷን ከባልደረባዋ ጋር ተለዋውጣ አንዳንድ ቀን ለምሳ ትደርሳለች።

እንዲያ ባለ አንድ ቀን ነው ጠብ የተነሣው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ይዛወር አለች፤ ብርሃኑ ለዓይናቸው እንደሚሻል ሐኪሙም ነግሯታል። አማቷ አሻፈረኝ አሉ፤ «ባሌ ያስቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከዚያ አይነቃነቅም»።

«ባልዎ እዚያ ያስቀመጡት በሁለቱም ዓይንዎ ያያሉ ብለው እኮ ነው!»

«አሁንስ በስንት ነው የምሰፋው? በአፍንጫዬ?»

«ግትር ነዎት!»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የቤት ዕቃ ሐኪም የሆንሽው?»

ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። ባሏ የዳቦ መኪናውን አቁሞ በሩን ሲከፍት ሁለቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ተፋጠዋል። ልቡ ወረደ።

«ኧረ ተዉ፣ እናቴ ተይ፣ አንቺም…» ብሎ መሀላቸው ሊገባ ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞሩበት።

«አንተ ዝም በል!»

ሰውዬው ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ክርክሩ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ቀጠለ። በማግስቱ ጠዋት አማቷ ቀድመው ተነሥተው፣ «ነይ፣ ያንን ወገን ያዢ፤ እግሩን እንዳትሰብሪው» አሏት፤ መኪናውን ለሁለት ተሸክመው መስኮቱ ሥር አስቀመጡት።